ሦስት ኳስ፣ ሦስት ማግኔት፦ የአንድ ተማሪ የኤሌክትሮማግኔት ፍለጋ

## ጉዳዩ

በ2017 ዓ.ም. ጥር መጀመሪያ ላይ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ሬዲዮ፣ ስፒከርና ቻርጀር እጠግናለሁ። ልጁ የሰፈሬ ልጅ ነው። የተበላሸ ነገር እየለመነ ሲፈታታ ነው ያደገው።

"ጋሼ፣ ትንንሽ ኤሌክትሮማግኔት የት አገኛለሁ? ሦስት ነው የምፈልገው" አለኝ።

"ፒያሳ አታጣም" አልኩት፣ ቀና ሳልል። ኤሌክትሮማግኔት ማለት ብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆናል፣ ሲቋረጥ ይለቃል።

አምስት ሳምንት ፈጀ። ገንዘብ ባክኗል፣ አንድ አዳፕተር ተንገላቷል፣ እኔም ሃያ ዓመት የማውቀው የመሰለኝን ነገር እንደገና ተምሬያለሁ። ነገሩን የመዘገብኩት ሌላ ሰው ያንኑ መንገድ እንዳይዞር ነው። የሰዎቹንና የሱቆቹን ስም ትቼዋለሁ።

## ዳራ

ክፍል ውስጥ ፍሪ ፎል ተምረዋል። አየሩ ካላገደው በቀር ከባድም ቀላልም ነገር ከእኩል ከፍታ ሲለቀቅ እኩል መሬት ይደርሳል። መምህሩ ድንጋይና ቾክ በሁለት እጃቸው ይዘው ለቀቁ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "እኩል ነው" አለ፣ ግማሹ "ድንጋዩ ቀደመ"። እውነትም የሰው ጣት ሁለት ነገር በአንድ ቅጽበት አይለቅም።

ልጁ ጣትን በማግኔት ልተካ ብሎ ተነሣ። ሦስት የብረት ኳሶች ከሦስት ኤሌክትሮማግኔት ሥር ይንጠለጠላሉ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሦስቱም አብረው ይወድቃሉ። ከታች የቡና ትሪ ተዘርግቷል። አንድ "ጧ" ከተሰማ እኩል ደርሰዋል ማለት ነው። "ጧ፣ ጧጧ" ካለ ግን አንድ ቦታ ችግር አለ።

ኳሶቹን ማግኘት አልከበደውም። ትልልቆቹን ሶማሌ ተራ አንድ ዕቃ ሻጭ ካረጀ ኩሽኔታ ሰብሮ አወጣለት። ትንሿ ከብስክሌት ጎማ የተፈታች ናት። ሩብ ኢንች፣ ግማሽ ኢንች፣ ሦስት ሩብ ኢንች። ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ለምኖ አስመዘናቸው። 1 ግራም፣ 8 ግራም ከምናምን፣ 28 ግራም ሆኑ። ሚዛኑ ላይ የነበረችው ሴትዮ "ይሄ ስንት ካራት ነው?" ብላ ሳቀችበት።

በጀቱ ታላቅ እህቱ የሰጠችው 1,500 ብር ነው። ቤት ውስጥ አንድ አርዱዊኖ (ፕሮግራም ተጽፎለት ሌላ ዕቃ የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ የራውተር አዳፕተር (12 ቮልት፣ 1 አምፔር) እና የስልክ ቻርጀር (5 ቮልት፣ 2 አምፔር) ነበረው።

## ችግሩ

የመጀመሪያው ችግር ስሙ ነው። ኤሌክትሮማግኔት የሚባል ዕቃ ሱቅ ውስጥ የለም። ዕቃው አለ፤ በዚህ ስም ግን አይሸጥም።

ከውጭ ማዘዝ ይቻላል። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ12 ቮልት ሁለት ኪሎ ተኩል የሚይዝ ድንቡሽቡሽ ማግኔት ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር ይታያል። ተማሪ ግን የዶላር ካርድ የለውም። ዱባይ ያለ ዘመድ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ልጁ ደግሞ መጠበቅ የሚችል ዓይነት አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የገባን ዘግይቶ ነው። ስንዞር የነበረው ጠንካራ ማግኔት ፍለጋ ነበር። ሥራው የሚፈልገው ግን ቶሎ የሚለቅ ማግኔት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይጣላሉ።

## ሱቅ ለሱቅ

የመጀመሪያው ቅዳሜ ፒያሳ ዋለ። ከ2016ቱ ፈረሳ በኋላ እኔ የማውቃቸው ሁለት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቆች ቦታቸው ላይ የሉም። ልጁ ሌሎች አፈላልጎ አገኘ። ንግግሩ በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ነበር።

"ማግኔት? የስፒከር ነው?"

"አይ፣ ኤሌክትሮማግኔት።"

"እሱ አይመጣም።"

የሚገርመው፣ "አይመጣም" ያለው የመጀመሪያው ሱቅ መሳቢያ ውስጥ አንድ እፍኝ ሰማያዊ ሪሌይ ተከምሮ ነበር። ሪሌይ ማለት እኮ በፕላስቲክ ሳጥን የተዘጋ ኤሌክትሮማግኔት ነው። ሻጩ ዕቃውን በስሙ ነው የሚያውቀው፤ ልጁም በስሙ ነው የጠየቀው። ሁለቱ ስሞች አልተገናኙም። በሻጩ አልፈርድም። ምን ልሠራበት እንደሆነ ልንገርህ ያለው ሰው አልነበረም።

አንድ የካሜራና የጥበቃ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ "የበር ማግኔት አለ" አለው። የቢሮ በር ላይ የሚገጠመው ነው። 280 ኪሎ ይይዛል፣ በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር ያህል ይወስዳል። ልጁ ደወለልኝ፤ ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። 280 ኪሎ ለሚይዝ ማግኔት 1 ግራም ኳስ ምኑ ነው? ደግሞ ዋጋው ከበጀቱ ሦስት እጥፍ በላይ። "ውጣ ከዚያ" አልኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ምናለሽ ተራ ወረደ። እዚያ የማይገኝ የለም የሚባለው እውነት ነው፤ ችግሩ የምትፈልገውን ማወቅህ ላይ ነው። ከተፈታ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የውኃ ማስገቢያ ቫልቭ ገዛ። አንዱ ሁለት መቶ፣ ሁለቱ አራት መቶ ብር። ላዩ ላይ ወፍራም የመዳብ ጥቅል አለ፣ መሐሉ ላይ የሚዘል ብረት አለ። ለዓይን ኤሌክትሮማግኔት ነው። እውነትም ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያግድ በመልቲሜትር ለካነው፤ መለኪያው ኦም ይባላል። 3,800 ኦም። ለ220 ቮልት የተጠመጠመ ነው፣ ስለዚህ ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ዙሩም ብዙ ነው። በ12 ቮልት የሚያልፍበት 3 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሆናል። የወረቀት መያዣ ሽቦ እንኳ አላነሣም። ግድግዳው ላይ ብንሰካው ይሠራል፤ ግን የተማሪ ጠረጴዛ ላይ ክፍት 220 ቮልት አላስቀምጥም። ደግሞም የመብራት ኃይላችን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ኳሱ መቼ እንደሚለቀቅ የሚወሰነው ማዕበሉ የት ላይ ሳለ እንደተቋረጠ ነው።

በዚያው ቀን አንድ ሰው የተበላሸ ማይክሮዌቭ "ትራንስፎርመሩን አውጣና ጠምጥመው" ብሎ አቅርቦለት ነበር። ይህን እንኳ በቁጣ ነው የከለከልኩት። የማይክሮዌቭ ካፓሲተር ሁለት ሺህ ቮልት አካባቢ የሚሠራ ነው፤ ከተነቀለም በኋላ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልምድ የሌለው ሰው ክዳኑን አይክፈት።

## ጠምጣሚው

በሦስተኛው ሳምንት ከመርካቶ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ዳይናሞ ጠምጣሚ ጋ አብረን ሄድን። ስድሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሞተር ከጭናቸው ላይ አድርገው አሮጌውን ሽቦ በፒንሳ እየመዘዙ ነበር። ልጁ አስረዳቸው። ሳይስቁ አዳመጡት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ።

"የስንት ሽቦ? ስንት ዙር?"

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

"እንግዲህ ሳታውቁ ነዋ የመጣችሁት" አሉ። ለሙከራ ብለው በእጅ በሚዞረው መጠምጠሚያቸው በ0.30 ሚሊ ሜትር ሽቦ 600 ዙር ጠመጠሙልን። ቁጥሩን መጠምጠሚያው ላይ ያለ ቆጣሪ ይቆጥራል፤ አውራ ጣታቸው ሽቦውን እየመራ ዙሩን ከዙር ጎን ያስተኛል። መሐሉ ላይ ልጁ ያመጣውን ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ሊያስገቡ ሲሉ ቆም አሉና መጀመሪያ ከወፍራም ወረቀት ቱቦ ሠሩ። "ብሎኑ ላይ ቀጥታ አይጠመጠምም። ጥርሱ የሽቦውን ቫርኒሽ ይልጠዋል" አሉ። ያቺ የወረቀት ቱቦ በኋላ ሥራችንን አዳነችው።

ቤት ገብተን ለካን፤ አራት ኦም ተኩል። በ12 ቮልት ከሁለት አምፔር ተኩል በላይ ይጠይቃል። የራውተሩ አዳፕተር አንድ አምፔር ነው። ሰካነው፣ መብራቷ ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት ማለት ጀመረች። በስልኩ ቻርጀር ግን ሠራ። ሦስት ሩብ ኢንቹን ኳስ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ልጁ ጨፈረ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ጥቅሉን በእጅ መንካት አልተቻለም፣ ቫርኒሹም መሽተት ጀመረ።

## ሒሳቡ

ያን ምሽት ልንሠራው የሚገባን ነገር ሠራን። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣን።

የኤሌክትሮማግኔት ጉልበት የሚመጣው ከዙሩ ብዛትና ከአምፔሩ ብዜት ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስተርጀን በ1825 እ.ኤ.አ. ያሳየው የመጀመሪያው ኤሌክትሮማግኔት 18 ዙር ገደማ ብቻ ነበረው። 200 ግራም ያህል ብረት ላይ ተጠምጥሞ 4 ኪሎ አነሣ። ዙሩ ያነሰው ሽቦው ራቁቱን ስለነበር ነው፤ ዙሮቹ እንዳይነካኩ መራራቅ ነበረባቸው። ስለዚህ ብዙ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ግድ ሆነ። እኛ ቫርኒሽ የተቀባ ሽቦ አለን። ዙር ማብዛትና አምፔር መቀነስ እንችላለን።

0.20 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር ግማሽ ኦም ትንሽ ፈቅ ይላል። አንዱ ዙር በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ይበላል። 1,300 ዙር ማለት 40 ሜትር ያህል ነው፣ ማለትም 22 ኦም ገደማ። በ5 ቮልት ከሩብ አምፔር በታች ይሄዳል። ሙቀቱ አንድ ዋት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። የሽቦው ክብደት በአንድ ጥቅል 11 ግራም ግድም። ጠምጣሚው ሽቦ የሚሸጡት በሚዛን ስለሆነ ይህ ቁጥር ለኪስም ይጠቅማል። 100 ግራም ገዛን፣ ሁለት ጥቅል አስጠመጠምን፣ የተረፈው አሁንም አለ።

ጠምጣሚው ወረቀታችንን ሲያዩ "አሁን ሰው ሆናችሁ" አሉ።

## ኳሱ አልለቅም አለ

አዲሱ ጥቅል ያዘ። አልጋለም። ቻርጀሩም አላጉረመረመም። ልጁ ማብሪያውን አጠፋ። የ28 ግራሙ ኳስ ወደቀ። የ8 ግራሙን ሰቀለ፣ አጠፋ፣ ወደቀ። የ1 ግራሟን ሰቀለ፣ አጠፋ።

ተንጠልጥላ ቀረች።

ቻርጀሩን ነቀለው። አሁንም አለች። ጠረጴዛውን በጡጫ መታ፣ ያን ጊዜ ወደቀች። ዝም ብሎ አየኝ።

ብረቱ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ማግኔትነቱ ሁሉ አይጠፋም፤ ጥቂት ይዞ ይቀራል። ምን ያህል ይዞ እንደሚቀር ደግሞ በብረቱ ዓይነት ይወሰናል። ጠንካራ ብረት ብዙ ይይዛል፣ ለስላሳ ብረት ጥቂት። የብሎኑን ራስ ገልብጠን አየን። 8.8 የሚል ተቀርጾበታል። ይህ ለመኪና የሚሆን፣ በእሳት የጠነከረ ብሎን ነው። ልጁ "ምርጡን ስጠኝ" ብሎ የገዛው መሆኑን ነገረኝ። ለዚህ ሥራ ምርጡ መጥፎው ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራችን ፕላስተር ነው። የብሎኑ ጫፍ ላይ አንድ ድርብ ፕላስተር ለጠፍን፣ ኳሱና ብረቱ እንዳይነካኩ። ትንሿ ኳስ አሁን ወደቀች። ግን አርፍዳ። በስልክ ድምፁን ቀድተን ሞገዱን ስናይ ከትልቁ ኳስ በ40 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ትዘገያለች። ከአንድ ሜትር ተኩል ጠቅላላው ጉዞ 0.55 ሴኮንድ ስለሆነ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ያን ድምፅ የሰማ ክፍል "ድንጋዩ ቀደመ" ባዮቹን ያጨበጭብላቸዋል።

ያን ጊዜ ነው ስለ ሪሌይ ያስታወስኩት። ከመሳቢያዬ አንድ ባለ 5 ቮልት ሰማያዊ ሪሌይ አወጣሁ። ሳጥኑን በምላጭ ዙሪያውን ቆርጬ ገፈፍኩት። ውስጡ ጥቅሉ፣ በጥቅሉ መሐል ክብ ብረት፣ ከላይ በስፕሪንግ የምትከደን ትንሽ ላሜራ። ላሜራዋን ነቅዬ ትንሿን ኳስ ብረቱ ላይ አስጠጋሁ። ጠብ ብላ ያዘች። ሳጠፋው ጠብ ብላ ወደቀች። ያለ ፕላስተር። ደጋግመን ሞከርነው፤ አንድም ጊዜ አልተጣበቀችም።

ሪሌይ ሥራው መያዝና መልቀቅ ነው። ሠሪዎቹ ለዚያ የሚሆን ለስላሳ ብረት ነው የሚያስገቡበት። ልዩነቱ ብረቱ እንጂ ጥቅሉ እንዳልሆነ በዓይናችን አየን። ለትንሿ ኳስ የሪሌዩን ጥቅል እንዳለ አስቀረነው። ትልልቆቹን ግን በእርግጠኝነት አልያዘም፤ ሲነካ ይጥላቸዋል።

አንድ ስሕተት እዚህ ላይ አለ። ልጁ እኔ ሳላይ ሌላ ሪሌይ ገፍፎ ጥቅሉን ቀጥታ ከአርዱዊኖ እግር (ትእዛዝ ከሚወጣበት ፒን) ጋር አያያዘው። የሪሌዩ ጥቅል 70 ሚሊ አምፔር ይጠይቃል። የአርዱዊኖ እግር የመጨረሻ አቅሙ 40 ነው። ያ እግር ከዚያ ቀን ወዲህ አይሠራም።

## ፌሮና ከሰል

ለሁለቱ ትልልቅ ኳሶች ለስላሳ ብረት ያስፈልገናል። ከሰፈራችን የሕንፃ ሥራ አጠገብ የባለ 6 ፌሮ ቁራጭ ለመንን። ይህ ለማሰሪያ የሚታጠፈው፣ ልሙጡ ነው። በእጅ የሚታጠፍ ብረት ለስላሳ ነው ብለን ነው የተነሣነው።

ይበልጥ ለማለስለስ የልጁን እናት የከሰል ምድጃ ተዋስን። ቡናው ካለቀ በኋላ ከሰሉን በእፍታ አቀጣጠልነውና ቁራጮቹን ቀበርንባቸው። ብረቱ እንደ በሰለ ቃሪያ ሲቀላ እፍታውን አቆምን። ከዚያ ማውጣት የለም። አመድ አልብሰን እዚያው አሳደርነው። ቀስ ብሎ መቀዝቀዙ ነው የሚያለሰልሰው፤ ውኃ ውስጥ ቢነከር ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እናቱ ጠዋት አመዱን ሊደፉ ሲሉ ለጥቂት ደረስን።

ጫፎቹን በሞረድ አስተካክለን፣ ከወረቀቱ ቱቦ ውስጥ ብሎኑን ጎትተን አወጣን፣ ፌሮውን አስገባን። ለዚህ ነው ቱቦዋ አዳነችን ያልኩት። ጥቅሉ ብሎኑ ላይ ቀጥታ ቢጠመጠም ኖሮ እንደገና ወደ ተክለ ሃይማኖት ነበር ጉዞው።

ከዚያ ጉልበቱን ቀነስን። ለ8 ግራሙ ኳስ 22 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚያግድ ትንሽ ዕቃ) በተከታታይ አስገባንበት፤ አምፔሩ በግማሽ ወረደ፣ ኳሱም ይዞ ቆየ። ለ28 ግራሙ ምንም አልጨመርንም። አንድ ድርብ ፕላስተር በሁለቱም ላይ ተውን። ሁለት ድርብ ስናደርግ ትልቁ ኳስ አልያዝ አለ።

## የማጥፊያው ነገር

ልጁ ሁሉንም ነገር በአርዱዊኖ ማዘዝ ይወዳል። ሱቅ ሄዶ ቲፕ 120 የሚባል ትራንዚስተር (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) አመጣ። ገጠምነው፣ ትልቁ ኳስ ጠፍ ብሎ ወደቀ፤ አልያዝም። ጥቅሉ ላይ ስለካ 4 ቮልት ብቻ ነው ያለው። ይህ ዓይነቱ ትራንዚስተር ለራሱ አንድ ቮልት ገደማ ይቀራመታል። ከ12 ቮልት ላይ ቢወስድ አይታወቅም፤ ከ5 ላይ ግን አንድ አምስተኛ ነው።

በመጨረሻ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምን፣ ባለ ሁለት መስመሩን። አንዱ መስመር የሦስቱንም ጥቅል ኤሌክትሪክ ይቆርጣል፣ ሌላው ለአርዱዊኖ "አሁን" ይለዋል። ጥቅል ሲቋረጥ ወደ ኋላ የሚወረውረው ቮልት ማጥፊያውን እንዳይበላ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አደረግንበት። ዳዮዱን ብቻውን ካደረጉት ግን ኤሌክትሪኩ በጥቅሉ ውስጥ እየዞረ ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ይቆያል፣ ኳሱም ያን ያህል ይዘገያል። ከዳዮዱ ጋር 100 ኦም በተከታታይ ስናስገባ ቶሎ ሞተ። ከብሎኑ ጣጣ ጋር ሲነጻጸር ይህ ጥቃቅን ነው፤ ቢሆንም ሞገዱ ላይ ታየ።

ሁሉም ካለቀ በኋላም ትልቁ ኳስ በሁለት ሚሊ ሴኮንድ ይቀድም ነበር። ማግኔቶቹን ነካካን፣ ሬዚስተር ቀየርን፣ ምንም። ምክንያቱን ያገኘችው በጀቱን የሰጠችው እህቱ ናት፤ የሒሳብ ሠራተኛ ናት እንጂ ኤሌክትሮኒክስ አታውቅም። "የትልቁ ሆድ እኮ ወደ ታች ወርዷል" አለች። እውነቷን ነው። ሦስቱም ከላይ በእኩል መስመር ነው የተሰቀሉት። የትልቁ ኳስ ታች ግን ከትንሿ በ13 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ስለዚህ የሚጓዘው ያንሳል። የትልቁንና የመካከለኛውን ማግኔት ከፍ አድርገን የኳሶቹን ታች አስተካከልን።

ቁምሣጥኑ ላይ አስቀመጥነው። ልጁ አጠፋ።

ጧ።

## የሠራው፣ ያልሠራውና ወጪው

ሥራ ላይ የዋለው ዕቃ ዋጋ እንዲህ ነው፦ ሽቦ 350 ብር፣ የመጠምጠሚያ እጅ ዋጋ 300፣ ኳሶች 150፣ ማጥፊያና ሬዚስተር 90። ሪሌዩ ከእኔ መሳቢያ ነው፣ ፌሮው የልመና። ድምሩ 890 ብር ይመጣል። የባከነው ደግሞ፦ ቫልቮች 400፣ የመጀመሪያው ጥቅል 150፣ ትራንዚስተር 60። የታክሲውን አልቆጠርንም፣ ቢቆጠር ያሳፍራል። በእህቱ 1,500 ብር ልክ ደርሰናል ማለት ነው። የአርዱዊኖውን እግር ሳይጨምር።

በትምህርት ቤቱ ሃያ ጊዜ ጣለው። አስራ ስምንቱ አንድ "ጧ" ነበር። ሁለት ጊዜ ትንሿ ኳስ ገና ሳይጠፋ ወደቀች፤ ሰው ጠረጴዛውን ስለገፋው። ልጁ በስልክ ከተቀዳው ጊዜ የስበቱን ፍጥንጥነት አስልቶ 9.7 አግኝቷል። አዲስ አበባ ላይ ትክክለኛው ከ9.8 ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ለቡና ትሪ አያንስም።

## ለሌላ ሰው የሚሆነው

እንዲህ ያለ ዕቃ ሲፈለግ ስሙን መጥራት አይበቃም። ዕቃው በየትኛው ሌላ ዕቃ ውስጥ እንደሚኖር አስቦ ያንን መጠየቅ ይሻላል። ኤሌክትሮማግኔት በሪሌይ ውስጥ አለ፣ በአሮጌ የበር ደወል ውስጥ አለ፣ በመኪና ጥሩንባ ውስጥ አለ፣ በውኃ ቫልቭ ውስጥ አለ። ሻጩንም "ይህን ልሠራበት ነው" ማለት ዋጋ ያስጨምራል ብለው የሚሰጉ አሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ጠምጣሚው ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ የሁለተኛውን ዙር እጅ ዋጋ ቀነሱልን።

መልቲሜትር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ምናለሽ ተራ ቫልቩን ከመግዛቱ በፊት ቢለካው 3,800 ኦም ሲያይ መልሶ ያስቀምጠው ነበር። ቮልቱን በኦሙ ማካፈል ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ለ5 እና ለ12 ቮልት ሥራ ከአሥሮች እስከ ጥቂት መቶዎች ኦም ያለው ጥቅል ነው የሚፈለገው።

ለመያዝ ከሚበቃው በላይ ጉልበት አያስፈልግም፤ መልቀቅ የሥራው አካል ከሆነ ደግሞ ይጎዳል። ለእኔ አዲስ የሆነው ይህ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሪሌይ ስቀይር ኖሬ ውስጡ ያለው ብረት ለምን እንደተመረጠ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ከሱቆቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን የዳይናሞ ጠምጣሚዎቹ ቤት ነው። ሽቦ በግራም ይሸጣሉ፣ ውፍረቱን በማይክሮሜትር ለክተው ይሰጣሉ፣ ዙር ይቆጥራሉ። በኤሌክትሮኒክስ የሚጫወቱ ልጆች እነሱ ጋ አይሄዱም፤ የፓምፕና የወፍጮ ሞተር ቤት ስለሚመስላቸው። እኔም ልጁን ወደዚያ የወሰድኩት ሁለት ሳምንት ካባከነ በኋላ ነው። ሲሄዱ የሽቦውን ውፍረትና የዙሩን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፣ በወረቀት ቱቦ ላይ እንዲጠመጠምም ይናገሩ።

ያ 8.8 ብሎን ከእኔ ጋር ቀርቷል። ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው ጠረጴዛ ሥር የወደቁ የሬዲዮ ብሎኖችን ይለቅምልኛል። አይለቃቸውም እንጂ።